እሺ ያልኩበት ጥርስ

እሺ ያልኩት ሐሙስ ዕለት ነው። ዐርብ ጠዋት እማዬ ለጎረቤቱ ሁሉ አዳርሳዋለች። እሑድ ታላቅ እህቴ ለአዲሱ ሥራ የሚሆን ጫማ ገዝታልኝ መጣች። ስለዚህ ማክሰኞ ሐሳቤን ስቀይር የቤተሰቡን ሁሉ ሐሳብ ነው የቀየርኩት፤ ጫማውም ሳይቀር።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ሐኪሞች የበሽተኛውን የአፍ ልክ ይልኩልናል፤ እኛ በጀሶ ቅርጹን እናወጣና ጥርሶቹን በሰም ላይ አንድ በአንድ እንተክላለን። እኛ ማለት እኔና ጋሼ ነን። ጋሼ የቤቱም ባለቤት፣ የእኔም አስተማሪ ናቸው። በአንድ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀምጠን ዘጠኝ ዓመት ሠርተናል። ሥራዬን አንስተው ያያሉ፣ "ደህና ነው" ይላሉ፣ ያስቀምጣሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደህና ነው። አንድ ቀን እንኳ አፋቸው ተሳስቶ "ጎበዝ" አላለኝም።

የራሴ ጥርስ ሥራዬን የሚያስተዋውቅ አይደለም። ከላይ በግራ በኩል አንዷ ጥርሴ ጋደል ብላ ጎረቤቷ ላይ ደረብ ብላለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ስስቅ አፌን በእጄ እሸፍናለሁ። ሥራ ቦታ ግን ሁለቱም እጆቼ ሰም ስለሚይዙ፣ ሬዲዮው ሲያስቀኝ እንደመጣልኝ እስቃለሁ። ጋሼ እንደሆኑ ከሥራቸው ቀና አይሉም ብዬ ነው።

ትልቁ ክሊኒክ ባለሙያ ይፈልጋል ሲባል ሰማሁና አመለከትኩ። ናሙና ይዘሽ ነይ አሉኝ። ለሐኪሞች የምናሳየው በየግላችን አንድ አንድ የላይ ረድፍ ጥርስ አለን፤ የእኔም የጋሼም አንድ መሳቢያ ውስጥ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣሉ። የሚለዩት ከላንቃው በኩል ባለ ምልክት ነው፤ የእሳቸው ጭረት፣ የእኔ ነጥብ። ጋሼ የእሳቸውን አምና እንደ አዲስ ሠርተውት ነበር፤ እኔ ግን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። የዚያን ቀን ታክሲ እንዳያመልጠኝ ሳጥኑን ብድግ አድርጌ ሮጥኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ብዙ የማትናገር ሐኪም ናት። ጥርሱን ከሳጥኑ አውጥታ መስኮቱ ጋ ወሰደችው። እኔ ከወንበሬ ሆኜ የማየው ፊቷን ነበር እንጂ ጥርሱን አልነበረም፤ ፈርቻለሁ።

"ሁሉም ሰው ጥርስ እንደ አጥር ነው የሚደረድረው" አለች። "ይሄኛው ግን ሰው አለው። ይህቺን ጥርስ እንዲህ ማጋደል ማን አስተማረሽ?"

ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። ቀና ብላ አፌን ስታየኝ ከንፈሬን ገጠምኩ። ከወሩ መጀመሪያ መግባት ትችያለሽ ወይ አለችኝ፣ እሺ አልኩ። ለሌሎቹ ላሳየው ብላ ሳጥኑን አስቀረችው። ወደ ቤት ስሄድ ልቤ አብጦ ታክሲው የጠበበኝ ይመስለኝ ነበር። ደመወዙን ለእማዬ የነገርኳት ማታ ራት ላይ ነው፤ "ሰው አለው" የሚለውን ግን ገና በር ላይ ነገርኳት።

በማግስቱ ለጋሼ ነገርኳቸው። "ደህና ነው" አሉ። ከዚያ የሰም ቢላዋቸውን እያነሱ፣ "የጀመርኩት ነገር ነበር" አሉ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። ሆድ ብሶኝ ነበር።

ሰኞ ዕቃዬን ለመሰብሰብ መሳቢያውን ሳወጣ የቀረውን ሳጥን ከፈትኩት። ገለበጥኩት። ነጥብ።

ክው አልኩ። የእኔ ሥራ እጄ ላይ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ የተካከለ፣ እንደ አጥር። ክሊኒክ ያለው የጋሼ ነው። እውነቱን ለመናገር ያሳዘነኝ ሥራው አይደለም። ሥራ ይገኛል። በዕድሜዬ አንድ ጊዜ የሰማሁት ምስጋና የእኔ አለመሆኑ ነው አንጀቴን ያሳረረው። አራት ቀን ሙሉ በሰው ጥርስ ስኮራ ሰንብቻለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት የራሴን ሳጥን ይዤ ሐኪሟ ቢሮ ገባሁ።

"ዶክተር፣ ያሳየሁዎት የእኔ ሥራ አይደለም" አልኳት። "የአስተማሪዬ ነው። በስህተት ነው ያነሳሁት። የእኔ ይሄ ነው።"

አየችው። አልተቆጣችም፣ ጊዜም አልፈጀባትም። "ንጹሕ ሥራ ነው" አለች። "በዚህም እቀጥርሽ ነበር። ቦታው አሁንም ያንቺ ነው።"

ንጹሕ ሥራ። ያው "ደህና ነው"፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ።

"አመሰግናለሁ። ግን እሺ ያልኩትን ልመልስ ነው የመጣሁት" አልኩ። "ያንን የሚሠሩት ሰውዬ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን አላየሁትም። የሚቀረኝ እንዳለ ያወቅኩት ትናንት ነው። ሳልማረው ብመጣ እዚህ የማገኘው ደመወዝ ብቻ ነው።"

"ደመወዝ ትንሽ ነገር አይደለም።"

"አይደለም። እናቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ።"

የጋሼን ሥራ ከመደርደሪያው አወረደች። ጥርሱን አየች፣ እኔን አየች።

"ሰውዬው ፊት ለፊትሽ ነው የሚቀመጡት?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ጠይቂያቸው" አለችና ፈገግ ብላ ሳጥኑን ሰጠችኝ።

መንገድ ላይ ለእማዬ ደወልኩ። "ለጎረቤት ምን ልበል?" አለች መጀመሪያ።

"ልጄ ትምህርቷን አልጨረሰችም በያቸው።"

"በዚህ ዕድሜሽ?" አለች። ቀጥላም፣ "የጫማውን ነገር ለእህትሽ አንቺው ንገሪያት፤ እኔ የለሁበትም" ብላ ዘጋችው።

ጋሼ እንደ ሁልጊዜው አንገታቸውን ደፍተው ሰም ይቀርጻሉ። ሁለቱንም ሳጥኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ሥራውን መለስኩት።"

የሰም ቢላዋቸውን አስቀመጡ። "ምነው፣ ምን አሉሽ?"

"ምንም አላሉኝም። የወደዱት የእርስዎን ነው፤ ተሳስቼ ይዤው ሄጄ።" ሳጥኑን ከፍቼ ጥርሷን አሳየኋቸው። "ይህቺን እንዴት እንዳጋደሏት ያስተምሩኝ።"

"ምን ትምህርት አለው" አሉ። "እያየሁ ነው የሠራሁት።"

"ምን እያዩ?"

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፤ ያፈሩ መሰለኝ። ከዚያ በሰም ቢላዋው ጫፍ ወደ አፌ አመለከቱ።

"ሬዲዮው ሲያስቅሽ ነዋ" አሉ። "አምና ሙሉውን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ።"

ጥርሱን አየሁት። ከላይ፣ በግራ በኩል፣ ጋደል ብላ ጎረቤቷ ላይ ደረብ ያለችው። በመስታወት ዕድሜዬን ሙሉ የማውቃት፣ በሳጥን ውስጥ ግን ያላወቅኳት። ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይልኝ እጄ እንደ ልማዱ ወደ አፌ ሄደ።

"እጅሽን አውርጂ" አሉ ጋሼ መነጽራቸውን መልሰው እያደረጉ። "የታችኛው ረድፍ ገና አላለቀም።"

አወረድኩት።