የብስክሌቱ ቁልፍ

የፍሬኑ ጩኸት ሲሰማ ልብስ ሰፊዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እጅጌ እየገጠመች ነበር። እግሯን ከስፌት መኪናው መርገጫ አንሥታ በመስኮት አየች። የጭነት መኪና አስፋልቱ መሐል ቆሟል፤ ከፊት ጎማው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቀይ ብስክሌት ተጋድሟል፤ አጠገቡ ልጇ ጉልበቷን ይዛ ቆማለች።

ብስክሌቱ እኮ ተቆልፎ ነበር።

ፌንጣ፣ ከመዝለሏ ብዛት ቤተሰቡ ልጅቱን የሚጠራት እንዲህ ነው፣ እሑድ ዕለት አስፋልቱን ተሻግራ ተገኘች። ከተሻገርሽ ብስክሌቱ ሳምንት ይቆለፋል ተብላ ነበርና ተቆለፈ። ቁልፉም ከፍ ያለ ምስማር ላይ ተሰቀለ። ዛሬ ገና ረቡዕ ነው፤ ምስማሩ ግን ባዶውን ቀርቷል። ከእናትየው ሌላ እዚያ የሚደርስ ሰው ቤቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነው።

ልጅቱን እየጎተተች አስገባቻት። ክንዷን አጥፋ ዘረጋችው፤ ጭንቅላቷን ዳበሰች። ከተላጠ ጉልበት በቀር ምንም አልሆነችም። ቱግ ያለችው ይህን ካረጋገጠች በኋላ ነው። እጇ ሳታዘው የእንጨት ሜትሩን ከጠረጴዛው አነሣ።

ፌንጣ አላለቀሰችም። ሜትሩን ትኩር ብላ አየችና፣ "እዚህ ቤት ማንም ማንንም አይመታም ብለሽ አልነበር?" አለች።

ድፍረቷ አናደዳት፤ እውነቷን መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደዳት። 'ይህንንም ቃል ካጠፍኩ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል?' ብላ ሜትሩን ወደ ጥግ ወረወረችው።

ሹፌሩ ባሏ ከአውቶቡስ ሥራው ሲመለስ በሩን እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችውም።

"ቁልፉን ሰጥተሃታል!"

"ጠዋት ስታለቅስ አንጀቴ አልችል አለኝ። ለአንድ ቀን ምን አለበት ብዬ..."

"ቀይ መብራት ላይ ቆመህ ብታለቅስ አረንጓዴ ይሆንልሃል?"

"አሁን ይሄን ከዚያ ምን አገናኘው?"

"የጭነት መኪና ሊደፈጥጣት ነበር፣ ሰውዬ!"

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደገፈ። ጎማ ምን እንደሚያደርግ ለእሱ ነጋሪ አያሻውም።

"እኔ የሰፋሁትን አንተ ከኋላ ከኋላዬ እየተረተርክ ልጅቱ ምኑን ትልበሰው? አንተ ደግ አባት፣ እኔ ጅብ!"

"እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። በይ ቆልፊው።"

"አልቆልፍም! አንተ ትቆልፋለህ፣ እሷ እያየችህ። ሳምንቱም ከዛሬ ሀ ብሎ ይጀምራል።"

የመቆለፊያውን ሰንሰለት በጎማው መሐል ሲያስገባ ፌንጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። "አባዬ፣ አንተ እኮ ፈቅደህልኝ ነበር!"

"ብስክሌቱን እንጂ አስፋልቱን አልፈቀድኩም። ብስክሌቱንም መፍቀዴ ስሕተት ነው፣ የኔ እናት።" ልጅቱ እዬዬ ስትል ሚስቱን ቀና ብሎ አያት፤ ፊቷ አልተፈታም። ቁልፉን ሰቀለው።

ከእራት በኋላ ልብስ ሰፊዋ እንደ ወትሮው ማበጠሪያውን ይዛ ተቀመጠች። ንዴቷ አልበረደም፤ ጥርሷን እንደነከሰች ነው። ፌንጣ በሩ ላይ ቆማ አመነታች።

"እማ፣ ተናደሽብኛል አይደል?"

"በጣም።"

"ነገም?"

"ነገም ሳይቀር አይቀርም።"

"ታዲያ ለምን ታበጥሪኛለሽ?"

"ጸጉርሽ ምን አጠፋ? ነይ ቁጭ በይ!"

ልጅቱ መጥታ እግሮቿ መሐል ተቀመጠች። እናትየው የተቋጠረውን ጸጉር ከጫፉ ጀምራ፣ ሳትጎትት ማፍታታት ጀመረች።