ሹሙ ይውጣ

ታዴዎስ በአርባ ምንጭ የባህል ባለሙያ ሆኖ ስንት ጭፈራና ስንት ባዛር አሳልፏል፤ አሁን ለፈቃድ እንደቀረበለት ቴአትር ያስጨነቀው ነገር ግን የለም። ደራሲው ከሞተ ስልሳ ዓመት አልፎታል። አርባ ምንጭን በዓይኑ አላየም። ታዲያ ሁለት መንደሮች በመስኖ ውኃ ሲፋለጡ ከወንበሩ ሳይነሣ «ምንም የተፈጠረ ነገር የለም፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» የሚለውን ሹም ከየት አመጣው? ባለፈው ወር ኩልፎ ወንዝ ዳር በአንድ ቦይ ሰበብ ድንጋይ ሲወረወር፣ የታዴዎስ አለቃ በሬዲዮ የተናገረው ቃል በቃል ይህንኑ ነው።

ሹም ሽር በሚወራበት ሰሞን ይህን መፍቀድ ወንበርን በገዛ እጅ ማስረከብ ነው። አዘጋጇን፣ የአማርኛ መምህርቷን ዘሪቱን አስጠራት።

«ደራሲው ይምጣና ያስረዳ።»

«ሞቷል እኮ፣ አቶ ታዴዎስ። እርስዎ ሳይወለዱ።»

«ታዲያ እኛን እንዴት አወቀን?»

ካፉ አምልጦት ነው። ዘሪቱ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፈነች። እሱም ቀይ እስክሪብቶውን አንሥቶ በጽሑፉ ጥግ «ሹሙ ይውጣ» ብሎ ጻፈና ፈረመበት።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። አለቃው ከፊት፣ ታዴዎስ ከጎኑ ተቀመጡ። መድረኩ ላይ ሹሙ የለም፤ ወንበሩ ግን አለ። ተዋንያኑ ለባዶው ወንበር እጅ ይነሣሉ፣ አቤት ይላሉ፣ መልስ ይጠብቃሉ። ተመልካቹ ደግሞ ቴአትሩን በትምህርት ቤት ተምሮታል። ዝም ሲባል በአንድ ድምፅ «ምንም የተፈጠረ ነገር የለም» ይልና ወደ አለቃው አንገቱን ያሰግጋል። ሹሙ ካለበት ቴአትር ይልቅ የሌለበት ባሰ። 

ሁለቱ መንደሮች ድንጋይ ሲያነሡ ታዴዎስን አላስቻለውም። ዘሎ መድረኩ ላይ ወጣ።

«ይብቃ። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም። ወደየቤታችሁ ሂዱ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ሽማግሌውን የሚጫወቱት አባባ ዳልጮ ከኦቾሎ የመጡ የእውነት ሽማግሌ ናቸው። እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ሣሩም የእውነት ሣር ነው። ታዴዎስ የጋሞ ልጅ ነውና፣ ሽማግሌ ሣር ይዞ ከተንበረከከ አልፎ መሄድ ጎሜ፣ ማንም የማይደፍረው ነውር፣ መሆኑን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። እግሩ አልንቀሳቀስ አለው።

«ይነሡ፣ አባባ» አለ በሹክሹክታ።

«ልጄ፣ እውነት ምንም አልተፈጠረም?»

ይህ በጽሑፉ ላይ አልነበረም። ታዴዎስ ቦዩ ዳር የተፈነከተው የእህቱ ባል ትዝ አለው፤ በራሱ አፈረ፤ እንባውም መጣ።

«ተፈጥሯል፣ አባባ።»

 ሽማግሌውም ሣራቸውን እንደያዙ ተነሡ።

መጋረጃው ሲዘጋ አለቃው መጥቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሹሙን አስወጥቶታል ብለውኝ ነበር፤ ለካ ለራስህ ፈልገኸው ነው። እንዴት ያለ ደደብ ሹም ነው ግን።» እየሳቀ ሄደ።

ታዴዎስ ወንበሩ መትረፉን ገና ሳያምን ዘሪቱ ጽሑፉን ዘርግታ ቀዩን ቀለም አሳየችው።

«ሹሙ ይውጣ ብለው ፈርመው የለ? ይኸው መድረክ ላይ ወጡ። ለሚቀጥለው ቅዳሜም ሌላ ሰው የለንም።»