አበጀ ገበሬ ነበር ወይ?

«ፈጣሪ ያጽናችሁ» አለች ሂባ፣ የቀበሌው የግብርና ባለሙያ፣ ድንኳኑ በር ላይ የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች። ለቅሶ የመጣች መስሏቸው ቦታ ለቀቁላት። እሷ ግን እንደቆመች ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ትናንት የተቀበሩት የማዳበሪያ ድጎማ ተመዝጋቢ አቶ አበጀ እውነት ገበሬ እንደነበሩ ጎረቤት በአደባባይ እንዲመሰክርላቸው ይፈለጋል አለች።

ይህ ጣጣ የመጣው ዓምና አንድ ባለ ባጃጅ የማዳበሪያ ድጎማ ወስዶ ጎማ ከገዛበት በኋላ ነው። ሕዝቡ ጮኸ፤ ከዚያ ወዲህ «ግልጽነት» የሚባል ነገር መጣ። የተደጓሚው ስም በሰው ፊት ይነበብና «ተቃውሞ ያለው?» ይባላል። ሂባ ስብሰባ ብትጠራ፣ ብትጠራ የሚመጣ አጣች። ምዝገባው ነገ ይዘጋል፤ መንደሩ በሙሉ የተሰበሰበው ደግሞ እዚህ ነው። ምን ታድርግ?

ለቅሶ ቤት የሟችን ጉድለት ማን ያወራል? እድርተኛው እየተነሳ አበጀን አሞካሸው። እንደሱ ያለ አራሽ ከወሎ ተነስተው አሶሳ ከሠፈሩ ወዲህ አልታየም ተባለ። የእድሩ ዳኛ አቶ ክንፈ ደግሞ፣ አበጀ እርፍ ሲጨብጥ በሬዎቹ ራሳቸው ደስ ይላቸው ነበር ብለው ዕንባቸውን ጠረጉ።

ሚስቱ ሸዋሉል አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። እርፉን የምትጨብጠው እሷ ነበረች። ሴት በሬ ጠምዳ ስታርስ ቢያዩ መንደሩ ጉድ ይላል፤ ስለዚህ ማሳቸውን ከወንዙ ማዶ ያዙት። እሷ ታርሳለች፤ አበጀ ከጎኗ እየሄደ ያወራላታል። የመንደሩን ሰው አንድ በአንድ እያስመሰለ ሲያስቃት በሬዎቹን አቁማ ሆዷን ትይዛለች። መንገደኛ ብቅ ካለ ሮጦ እርፉን ይቀበላታል። ሰውየው እስኪያልፍ ያረሳት ትልም ግን ጠማማ ናት፤ ሸዋሉል መልሳ ታቃናታለች።

ሂባ ልትጨርስ ስትል ሽማግሌው ብኸይታ እጃቸውን አነሱ። የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ ማሳቸው ከአበጀ ማሳ ጋር ይዋሰናል።

«ወላሂ፣ አበጀ ጥሩ ሰው ነው፣ ወዳጄ ነው» አሉ። «ግን ያረሰው ሸዋሉል ነው። እኔ ሁልጊዜ አይቻለሁ።»

እድርተኛው ወደ ሸዋሉል ዞረ። በብኸይታ ቤት ሴትም ወንድም መሬት ይቆፍራል፤ ሽማግሌው ያመሰገኗት ነበር የመሰላቸው። አቶ ክንፈ የድንኳኑን ጣሪያ መመርመር ጀመሩ።

ሂባ ጎንበስ ብላ ለሸዋሉል አስረዳቻት። አበጀ ነው ያረሰው ከተባለ ድጎማው የሟች ንብረት ይሆናል፤ የውርስ ማስረጃ ከፍርድ ቤት እስኪመጣ ክረምቱ ያልፋል። እሷ ናት ከተባለ ግን ማዳበሪያውን ነገውኑ በስሟ ትወስዳለች።

«እማማ፣ እርስዎ ይንገሩኝ። ማን ነበር የሚያርሰው?»

ሸዋሉል በቆሎዋን አሰበች፤ ቅጠሉ ቢጫ መምታት ጀምሯል። ከዚያ ሌላ የምትበላው የላትም። ባሏን አሰበች። የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ በመንደሩ ሁሉ ፊት ሰነፍ ልታሰኘው ነው።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «እሱ ማረስ አልሆነለትም። ግን ማንም እንዳያማው። የሌላው ሰው ባል ሚስቱን ቤት ጥሏት ነው እርሻ የሚውለው። የእኔ አንድም ቀን ብቻዬን አላሳረሰኝም።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሂባ ግን ቅጿ አልሞላ ብሏታል።

«ታዲያ የእሳቸው ሥራ ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«ወሬ ነበር የሚያመርተው» አለች ሸዋሉል። «ለእሱ ደግሞ ድጎማ አስፈልጎት አያውቅም።»

ሳቁ ድንኳኑን ሞላው። አቶ ክንፈ አፋቸውን በጋቢ አፈኑ፤ ብኸይታም ሌላው ሲስቅ አይተው ሳቁ። ሸዋሉልም ሳቀች፤ እየሳቀችም፣ ሰማኸኝ ወይ ለማለት እንደ ልማዷ ከጎኗ የተቀመጠውን በክርኗ ጎሸም አደረገች።

«አቤት፣ እትዬ?» አለች ጎረቤቷ አስረሳሽ።

ሸዋሉል ክርኗን ሰበሰበችና በሌላው እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።