በስንዱ ካርድ ላይ ያለው ቀይ ጽሑፍ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የጤና መኮንኑ ደርብ የስንዱን ካርድ ይዞ ቢሮው ውስጥ ተክዞ ነበር። የጉሮሮ ሕመም ልቧ ላይ የወረደባት ይህች የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ከጎኑ ባለው ክፍል ትንፋሽ አጥሯት ተኝታለች። ሕመሙ እንዳይብስባት በየወሩ ትወጋው የነበረው የፔኒሲሊን መርፌ ከቆመባት ሦስት ዓመቷ ነው፤ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ፔኒሲሊን አይስማማትም» ተብሎ ተጽፏልና። በምትኩ የታዘዘላት ክኒን ደግሞ አንድ ወር ከተገኘ ሁለት ወር ይጠፋል። «ኧረ ምን ይሻላል?» እያለ ሲብሰለሰል ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙም፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፋርማሲ ያስተማሩት ጋሽ ልሳኑ ነጭ ጋዋናቸውን እንደለበሱ መጥተው ሣር ወደማይበቅልበት ሜዳ ወሰዱት። ዳር እስከ ዳር በሽተኛ ተኝቷል፤ በያንዳንዱ ግንባር ላይ ያ ቀይ ጽሑፍ አለ። ስንዱም መካከላቸው ናት። መድኃኒቱ ማዶ በካርቶን ተከምሯል፣ የሚያቀርብላቸው ግን የለም።

«ጋሼ፣ መርፌው ለነዚህ ሁሉ መርዝ ነው?»

«ለጥቂቶቹ አዎ። ያ ሰውዬ ጉሮሮው አብጦ ሊሞት ነበር፤ ለሱ ሌላ መፈለግ ግድ ነው። ከጎኑ ያለችውን ሴትዮ ግን አንድ ቀን አስመለሳት፣ በቃ!»

«ታዲያ ሳይጠይቅ የጻፈባቸው ማነው?»

ጋሽ ልሳኑ እጁን ይዘው ኮረብታውን አሻገሩት። ወይ መታደል! እዚያ አገር ሐኪሞች ከበሽተኛው ጎን ቁጭ ብለው «ያን ቀን ምን ሆንክ? ከተወጋህ በስንት ደቂቃ?» ይላሉ፤ የሚያጠራጥረውን፣ ሰውነቱ ቢቆጣ የሚያድነውን መድኃኒት አጠገባቸው አዘጋጅተው፣ በጥቂት በጥቂቱ ሞክረው ያያሉ፤ በእርግጥ ለማይስማማው ሌላ የሚያድነውን መርጠው ይሰጡታል፤ ያም ከመደርደሪያው አይጠፋም።

«ጋሼ፣ ስንዱን እዚህ እናምጣት!»

«ይህ አገር ገና አልተሠራም። ይልቅ ተመለስና ግንባሯን በደንብ አንብብ።»

ተመልሶ ጎንበስ ብሎ አነበበ። የራሱ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ጮኾ ነቃ። ገና እራት አልታደለም። ወደ ክፍሉ ሮጦ የስንዱን እናት «እማማ ዘርትሁን፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ መርፌው የቆመባት ቀን ምን አደረጋት?» አላቸው።

«ሁዳዴ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳትቀምስ ተወግታ ወደቀች። ውሃ ስንረጫት ወዲያው ተነሣች።»

«ማሳከክ፣ ማበጥስ?»

«ኧረ ምንም።»

የጣላት ጾሙ እንጂ መርፌው አልነበረም። ከእንግዲህ መርፌው ቢጀመርም የተበላሸውን ልብ አይመልሰውም።

«እናቴ፣ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉት።

ነገ በጠዋቱ ስብሰባ ካርዱን ይዞ ሊቆም፣ ያየውን ሊናገር፣ ከሁሉም በፊት ግን ጽሑፉ የማን እንደሆነ ሊናገር ቆረጠ።