የእኔው ዜማ ያለ እኔ

አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ከፊት ስዘፍን ባሌ ከኋላዬ ቆሞ ቤዝ ጊታር ሲጫወት ኖርን። ቅዳሜ ቅዳሜ በምንሠራበት ሆቴል ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ «የዘፋኟ ባል» ነው የሚሉት። መደበኛ ሥራው ሊፍት ጥገና ነው። «ሊፍትም ቤዝም ለሰው ትዝ የሚሉት ሲቆሙ ብቻ ነው» እያለ ይቀልዳል። ቅር ሲለው አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ጉሮሮዬ ታመመ። ሐኪሟ «አንድ ወር መዝፈን ቀርቶ ጮክ ብለው እንዳይናገሩ» አለችኝ።

ቤቱ ጸጥ ሲል ነው የሰማሁት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሳጥፍ ከወዲያኛው ክፍል ዜማ መጣ። ከታች ወፍራም ድምፅ ረገጥ ረገጥ ያደርጋል፤ ከላይ ደግሞ ሌላው ይዘፍናል። ሁለት ሰው መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። ብቻውን ነው። በአውራ ጣቱ ወፍራሙን ክር እየመታ በሌሎቹ ጣቶቹ ቀጭኖቹን ያናግራቸዋል።

«ይሄ የኔ ዘፈን አይደል እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ያንቺው ነው።»

«ታዲያ ግጥሙስ?»

ሳቅ አለ። «ግጥም አያስፈልገውም። ስሚው እስኪ።»

አያስፈልገውም! ቃሉ እንደ እሾህ ተሰካብኝ።

ያን ቅዳሜ እኔ ቤት ቀረሁ፣ እሱ ሆቴሉ ሄደ። ሰኞ ዕለት የሆቴሉን አስተናጋጅ መንገድ ላይ አገኘኋት። «እትዬ፣ ባለቤትዎ ጉድ አደረጉን እኮ! ብቻቸውን ሲጫወቱ ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀምጦ ነው ያዳመጠው።» ፈገግ ብዬ አለፍኳት። እኔ ስዘፍን አንድም ሹካ ሲቀመጥ አይቼ አላውቅም።

ረቡዕ የባሌ ስልክ ጠራ። እሱ ሻወር ቤት ነበር። አነሳሁት። የአንድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ኃላፊ ናት፤ «እሑድ ከሰዓት አዳራሻችን ውስጥ ለብቻቸው እንዲጫወቱልን ነበር» አለች።

«እሑድ አይመቸውም» አልኳት። ያ የታመመ ጉሮሮዬ ለውሸቱ ጊዜ ጥርት አለ።

ለካ ኃላፊዋ ቅዳሜ ሆቴሉ መጥታ «እደውልልዎታለሁ» ብላው ኖሯል። ሲጠብቅ ሰንብቶ ዓርብ ራሱ ሄዶ ጠየቃት። ቤት ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ስልኩን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ምነው?»

«ቀናሁ» አልኩት።

«እኔስ አልቀናም መሰለሽ? ያን ሁሉ ዓመት ጭብጨባው በጎኔ አልፎ አንቺ ጋ ሲሄድ እያየሁ? ግን አንድ ቀን ማይክሽን ነቅዬ አላውቅም።»

ተነስቶ ወደ ወዲያኛው ክፍል ገባና በሩን ዘጋ። የሚያኮርፍ ሰው አልነበረምና እንዴት እንደምለማመጠው እንኳ አላውቅበትም።

በማግስቱ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ሄድኩና «የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት ለኃላፊዋ። ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። «ፕሮግራሙ ሞልቷል። ከተማሪዎቹ በፊት አስር ደቂቃ ብቻ ልሰጣቸው እችላለሁ።»

«ይበቃዋል» አልኩ። አስር ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ውስጤ ትንሽ ደስ እንዳለው አልደብቅም። ለሱ ስነግረው እንዳኮረፈ መሣሪያውን አንስቶ መለማመድ ጀመረ።

እሑድ አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መድረክ ላይ ሲጫወት ፊቱን እያየሁ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የኔን ዘፈን ጀመረ። ሰው ማንጎራጎር ያዘ። መሐል ላይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ እኔ ስዘፍን ትንፋሽ የምወስድበት ቦታ ሲደርስ እሱም ቆም ይላል። እያንዳንዷን ትንፋሼን ያውቃታል! እኔ ግን የሱን አንዲት መስመር እንኳ አንጎራጉሪ ብባል አልችልም። አፈርኩ። ሰው ሲያፍር ቅናቱ ይለቀዋል የሚል ካለ ግን ተሳስቷል።

ጭብጨባው አልቆም ሲል አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ወደኔ ዞሩ።

«ያውቋቸዋል?»

«ባሌ ነው።»

«ታድለው! እርስዎስ ምን ይሠራሉ?»

«ዘፋኝ ነኝ።»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ከሳቸው ጋር አይሞክሩም?»

ስንወጣ ይህንኑ ነገርኩት። መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ከዓርብ ወዲህ ገና መሳቁ ነበር።

«ምን ብለሽ መለስሽላቸው?»

«ፈቃደኛ እንደሆነ ልጠይቀው ነው አልኳቸው።»

ሳቁን አቆመና መሣሪያውን አነሳ። «ቅዳሜ መሐል ላይ አንድ ዜማ ለብቻዬ ካገኘሁ» አለ።

አገኘ። ጉሮሮዬ ድኖ ከተመለስኩ ወዲህ እሱ ሲጫወት ከመድረክ ወርጄ እቀመጣለሁ። ሹካዎቹ ሲቀመጡ እሰማለሁ፤ ዛሬም እቀናለሁ። እሱም ያውቃል። ሲጨርስ ግን አስቀድሜ የማጨበጭበው እኔ ነኝ።