የመመለሻ ስንቅ

ወይዘሮ ባየሽ ፍሪጁን ሲከፍቱ የስንቁ ፌስታል እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ኤዶም! ወንድምሽ የመመለሻውን ትቶት ሄዷል!»

የልጅ ልጃቸው ከስልኳ ቀና ሳትል፣ «ሶ? በርገር ይገዛል» አለች።

ወንድሟ ፋኑኤል ማለዳ ነው ትራኩን ይዞ ከሚኖሩበት ከሬንተን ከተማ የወጣው፤ የኔቫዳን በረሃ አቋርጦ አሪዞና ዕቃ ሊያራግፍ። ያውም በዚህ በሐምሌ ሙቀት! እሳቸው ደግሞ ድንጋይ በኦቨን አግለው፣ ሊጡን በድንጋዩ ላይ ጠቅልለው፣ ሁለት ብርኩታ ጋግረውለት ነበር፤ አንዱ የመሄጃ፣ አንዱ የመመለሻ።

አባታቸው ከሰቆጣ ወደ አፋር በረሃ እየወረዱ አሞሌ የሚያመጡ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ነጋዴዎቹ ወደ ጨው ሜዳው ሲወርዱ፣ በየሰፈሩበት የመመለሻ ብርኩታቸውን ድንጋይ ስር እያኖሩ ያልፋሉ። ጠባቂ የለው፣ ቁልፍ የለው። የሰው መመለሻ የነካ ግን ከዚያ ወዲያ አብሮት የሚጓዝ አያገኝም። አጎታቸው ተክለሃይማኖት አንድ ዓመት፣ «ምን ያሸክመኛል!» ብለው ሳያኖሩ ወረዱ። በቅሎዎቹ ተመለሱ፤ እሳቸው አልተመለሱም።

«ለከማል ደውዪልኝ» አሉ ወይዘሮ ባየሽ።

ከማል የፋኑኤል ጓደኛ ነው፤ እሱም የትራክ ሾፌር። ከሰዓት በኋላ በዚያው መንገድ ከጎረቤት ከተማ ከቱክዊላ ይነሳል። መጥቶ፣ ፋኑኤል ሲመለስ እንዲያገኘው ብርኩታውን መንገድ ላይ አኑርለት ሲሉት፣ በሩ ላይ ቆሞ ሳቀ።

«እማማ፣ በረሃ ላይ ለማን አደራ ልስጠው? ለእባብ?»

«ለድንጋይ። ነዳጅ ከምትቀዱበት ኋላ ድንጋይ አይጠፋም።»

«አሜሪካ ነው እኮ! ጎማ ፈተው የሚወስዱበት አገር!»

«ስሙን ጻፍበት አልኩህ!» ብርኩታውን በብስኩት ቆርቆሮ ከተው አስታቀፉት። «አንተስ የመመለሻ ይዘሃል?»

«እኔ ካርድ አለኝ፣ እማማ። ኦኬ፣ ቦታውን ለፋኑኤል ኮል አድርጌ እነግረዋለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ባየሽ መቀመጥ አልሆነላቸውም። መስኮት፣ ስልክ፣ ደግሞ መስኮት። ኔቫዳ መቶ አስር ዲግሪ ፋራናይት ደርሷል ብላ ኤዶም ስትነግራቸው፣ ሬንተን ላይ ዝናብ እያካፋ እሳቸው ነጠላቸውን አወለቁ። በሦስተኛው ቀን የፋኑኤል ስልክ አልነሳ አለ። ቢደውሉ የለም። ቢደግሙ የለም። በቅሎዎቹ ዓይናቸው ላይ መጡ።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ፤ ፋኑኤል ነው።

«እማማ፣ መንገዱ ላይ ኔትዎርክ የለም እኮ! አገኘሁት! ድንጋዩ ስር እንዳለ ነው።»

«አልነኩትም?»

«ማንም። አጠገቡ ግን ሌላ ቆርቆሮ አለ፤ ከማል የራሱን ስም ጽፎበታል። ቴምር ነው መሰለኝ፣ ከፍቼ ልየው?»

«እንዳትነካው!» ጩኸታቸው ኤዶምን ከሶፋው አስነሳት። «ድንጋዩን መልሰህ ጫንበት፣ ደህና አድርገህ! በል፣ ብላና ቶሎ ና... አይ፣ ቶሎ አትበል፣ ቀስ ብለህ ንዳ። ውሃስ ይዘሃል?»