የኋላዎቹ ስፒከሮች

በጁቪ ግራ የሚቀመጥ ለቀስተኛ ድምፁን አይቀንስም። ግራ ጆሮዋ እንደማይሰማ የመስመሩ ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ቀኙ ደህና መሆኑን ግን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ አባቷ ሳሎኑ መሀል ሳጥኑ ውስጥ ተኝቶ በቆየባቸው ቀናት፣ ስለ ፊቱ መጥቆር፣ ተሳፋሪ ሲያመላልስባት ስለኖረው ጂፕኒ ዋጋ፣ ስለ እሷም ባል ማጣት የተወራውን ሁሉ ቁጭ ብላ ሰማች። ሰምታም ብስኩት አዞረች።

የሾፌሮች ማህበር ሊቀመንበሩ ጋሼ ኪኮይ፣ በአገሩ አጠራር ኖንግ ኪኮይ፣ ግን ጨዋ ሰው ነው። ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ፣ በቀኟ በኩል ዞሮ መጣ።

«ኢንዳይ፣ የቀብሩን ነገር ተነጋግረን ነበር» አላት፣ ሴት ልጅ በምትቆላመጥበት ስም ጠርቶ፣ ለልጅ እንደሚወራ ቀስ ብሎ። «የአባትሽ የቫንዶ ጂፕኒ ከሬሳ መኪናው ቀጥላ ትሂድ። እኔ እነዳታለሁ። ሙዚቃውን እስከ መጨረሻው ከፍተን።»

«ላስብበት፣ ኖንግ።»

«ምኑ ይታሰባል? እዚህ ኢሎኢሎ ከተማ ውስጥ እንደ እሷ የምትጮህ መኪና ነበረች እንዴ?»

አልነበረችም። ጁቪ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ተማሪዎቹ ባዶ ጂፕኒ ፊታቸው ቆሞ እየለመናቸው፣ የአባቷን የሰርቫንዶን ይጠብቁ ነበር። ገና ከገበያው መታጠፊያ ስትመጣ የሱቆቹ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ይሄኔ ሴቶቹ ልጆች ቦርሳቸውን አንግተው ይነሳሉ። አባቷም ያን ሲያይ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ ይሳሳቅ ነበር። ለተሳፋሪ የሚሆን ፈገግታ አጥቶ አያውቅም፤ ቤት ሲገባ ግን አልቆበት ነው የሚገባው።

የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች መርከበኛ የአክስቱ ልጅ ነበር ከጃፓን ያመጣለት። ጉልበቱ አጠገብ ግራና ቀኝ አስገጠማቸውና አንድ ሰሞን እንደ ሙሽራ አደረገው። ዘፋኙ ሲተነፍስ ይሰማል ብሎ ለአላፊ አግዳሚው ይናገር ነበር። ለኋላው ግን የእነሱን ወንድሞች መግዛት አልቻለም፤ ከገበያ ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሌላ ዓይነት አመጣ። እነዚያ ደግሞ ጩኸት ብቻ ነበሩ። የፊቶቹ በሹክሹክታ በሚናገሩበት ጉልበት የኋላዎቹ ያገሳሉ። ሰርቫንዶ ድምፁን የሚለካው እወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ በራሱ ጆሮ ነው። እሱ ጋ ልክ ሲሆን ኋላ ያለው ሰው ጥርሱ ይነዝረዋል።

ኋላ ያለችው ደግሞ ጁቪ ነበረች። ትምህርቷን ከጨረሰች ጀምሮ ረዳቱ ናት። የኋላው መወጣጫ ላይ ተንጠልጥላ ትጠራለች፣ ሂሳብ ትቀበላለች፣ ወራጅ ሲኖር ጣሪያውን ትደበድባለች፤ ብትጮህ አይሰማትማ። የፊተኛው ወንበር ለሚከፍል ሰው ነው። ግራ ጆሮዋና ስፒከሩ መሀል አንድ ስንዝር ቢኖር ነው።

መጀመሪያ ማታ ማታ ፌንጣ የገባባት ይመስል ይጮህባት ጀመር። ከዚያ ጩኸቱም ተወ፣ ሌላውም አብሮት ሄደ። ለአባቷ ስትነግረው ሩዙን መብላት ሳያቆም «እሱ በእናትሽ ወገን ያለ ነገር ነው» አላት። «አጎቷም ደንቆሮ ነበር።» ነገሩ በዚያው ተዘጋ። እናቷ ናናይ ፌሊ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ወዲህ በልጇ ጆሮ ዘይት ስታንጠባጥብ፣ ሥር ስትቀቅል፣ በጉልበቷ ቤተ ክርስቲያን ስትዞር ኖረች። አንዳንዴ ያለ ምንም ምክንያት «ይቅር በይኝ፣ ኢንዳይ» ትላታለች። ደሟን እንደ በሽታ ነበር የምታየው።

በመጨረሻው የለቅሶ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪና ሬዲዮ የሚገጥመው ኖንግ ዳኖይ መጣ። ከሬሳው ፊት ትንሽ ቆሞ፣ በፓኬት ቡና የተሞላ ስኒውን ይዞ በጁቪ ግራ ተቀመጠ። ከአጠገቡ ላለው ሰው ስለ ሙያው ማውራት ጀመረ፤ እዚህ ቤት ከሥራው ሌላ የሚያወራው ስለሌለው ነው መሰል።

«ነግሬው ነበር እኮ» አለ ዳኖይ። «ፊትና ኋላው የተለያየ ሥራ ነው፣ አይገጥሙም፣ የኋላውን ቀንስ አልኩት። ልጅቷ ጆሮዬን አለች ብሎ የመጣ ዕለት።»

ጁቪ ዞር አለች። ዳኖይ ስኒውን ወደ አፉ እንደያዘ ቀረ።

«ማን ነው የመጣው?» አለችው።

«እ... አንቺ ትሰሚያለሽ እንዴ?»

«በዚህኛው እሰማለሁ። አባቴ ነው የመጣው? ስለ ጆሮዬ?»

ሽማግሌው ሊያድበሰብስ ሞከረ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑን፣ ሟችም መከበር እንዳለበት አነሳ። እሷ ግን ዓይኗን አልነቀለችም። በመጨረሻ ነገራት። ሰርቫንዶ የልጁ ጆሮ መጮሁን ራሱ ተናግሮ፣ መኪናው ነው ወይ ብሎ ጠይቆታል። ዳኖይም መወጣጫው ላይ ወጥቶ አዳምጦ፣ አዎ፣ መኪናው ነው ብሎታል። ድምፁን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የምታካፍለዋን ቁልፍ አሳይቶት፣ ወደ ፊት አዙሮ ሰደደው።

«በነጋታው መልሶ አዞራት» አለ ዳኖይ። «ተማሪዎቹ የኪኮይን ተሳፈሩ አለኝ። ደግሞም ለምዳዋለች አለኝ።»

ያቺን ቀን ጁቪ ታስታውሳለች። ሬዲዮው ተበላሽቶ ነበር የመሰላት። መወጣጫው ላይ እንደ ሁልጊዜው ተንጠልጥላ፣ ንፋሱን ሰምታ፣ አንዲት አሮጊት «ወራጅ» ስትል ከነሳሏ ሰምታ፣ ለራሷ ዘፍና ነበር። መኪናው ግማሽ ባዶ ሆኖ ዋለ። ማታ አባቷ ሳይበላ ተኛ፤ እሷም ለተበላሸው ሬዲዮ አዘነችለት። ጠዋት ሲጮህ ጊዜ፣ ተሠራለት ብላ ደስ አላት። አሁን እሱን ስታስበው በራሷ ደስታ አፈረች። ሳያውቅ ያደረገው ቢሆን ኖሮ ታለቅስለት ነበር፤ አውቆ አንድ ቀን ሞክሮ መተዉን ግን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ተነስታ ኖንግ ኪኮይ ጋ ሄደች።

«ይከፈት» አለችው። «እኔ ግን ፊት ነው የምቀመጠው።»

በቀብሩ ዕለት የፊተኛው ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር። ኪኮይ ሙዚቃውን ለቀቀው። ከእግሯ ሥር አንድ ወንድ፣ የሚያምር ድምፅ ያለው፣ ስለ ፍቅረኛው ያንጎራጉር ጀመር። እውነትም ሲተነፍስ ይሰማል። እንዲህ ያለ ነገር ከዚህች መኪና ይወጣል ብላ አስባ አታውቅም። አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የሰማው ይኼን ነበር። በመስታወቱ ወደ ኋላ ብታይ፣ እናቷ ከጎረቤቶቹ መሀል ሁለት ጆሮዋን በመዳፎቿ ደፍና፣ ዓይኗን ጨፍና ትናጣለች።

ጁቪ ቁልፏን ፈልጋ ወደ ፊት አዞረቻት። ኋላው ጸጥ አለ። የተከተሏቸው ጂፕኒዎች ምን ሆናችሁ በሚል ጥሩምባ ይነፉ ጀመር።

«ኧረ ኢንዳይ፣ ተበላሸ ይላሉ» አለ ኪኮይ።

«ይበሉ።»

መቃብሩ አፋፍ ላይ የሳጥኑን ክዳን ለመጨረሻ ጊዜ ከፈቱት። አባቷ ከክዳኑ ሥር ካለው መስታወት በታች ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከንፈሩን ቀለም ተቀብቶ፣ ለተሳፋሪ የሚሰጣት ፈገግታ እንኳ ሳትኖረው ተኝቷል። ናናይ ፌሊ የልጇን ክንድ ይዛ ቀረበች።

«ዘፈኑን ለምን አጠፋሽበት?» አለቻት። «ያቺው ነበረች ደስታው።»

ጁቪ ነገረቻት። ድምፅዋን ሳታነሳ፣ ዳኖይ ያለውን እንዳለ ነገረቻት፦ መጠየቁን፣ መነገሩን፣ ያችን አንድ ቀን።

«ያንቺ ወገን አይደለም፣ ናናይ» አለች። «ያውቅ ነበር።»

ጁቪ ጎንበስ አለችና ደንቆሮውን ጆሮዋን መስታወቱ ላይ፣ ልክ በአፉ አንጻር አስተኛችው። ቄሱ አጎነበሱ፣ ገመድ የያዙት ሰዎች ተያዩ። ብዙ ቆየች። ቀና ስትል ጉንጯ ያረፈበት ቦታ እርጥብ ሆኖ ቀርቷል።

«ጥረጉት፣ ጥረጉት» አለች ከኋላ አንዲት ጎረቤት። «እንባ ካረፈበት ሟች መንገዱ ይከብደዋል።»

ናናይ ፌሊ መሀረቧን ከጉያዋ አወጣች። እጇን እስከ መስታወቱ ድረስ ዘረጋች። እዚያ ሲደርስ ቆመ። ባሏን አየችው፤ ከዚያ መሀረቡን አጥፋ፣ እንደገና አጥፋ፣ ወደ ጉያዋ መለሰችው። ለሰዎቹም ክዳኑን እንዲዘጉ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠቻቸው።